ፍንጭት

"ይሄ የእኔ ጥርስ አይደለም! አይደለም አልኩ እኮ!"

ጩኸቱ ከዶክተሯ ክፍል ተነስቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ጥርስ ሠሪው ሰም ወደሚያቀልጥበት የጓሮ ክፍል ደረሰ። ጥርስ ሠሪው እሳቱን አጠፋና እጁን በሽርጡ ጠረገ። መጠራቱ እንደማይቀር ገብቶታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ክሊኒክ ጓሮ ተቀምጦ ጥርስ ላጡ ሰዎች ጥርስ ሲሠራ የሚያውቀው የሰውን የጄሶ ልክ እንጂ የሰውን ፊት አልነበረም። ሊያመሰግነው የመጣ ታካሚ የለም፤ ሊወቅሰው የመጣም እንዲሁ። በዚህ ወር ግን ወደ ፊተኛው ክፍል ሲጠራ ይሄ ሦስተኛው ነው።

"ጋሼ፣ ዶክተር ይፈልጉዎታል" አለች እንግዳ ተቀባይዋ አንገቷን በበሩ አስግጋ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይዘጋጁ፤ እማማ ፍም መስለዋል" አለች።

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው መስታወት ይዘዋል። አፋቸው ውስጥ ለሙከራ የገባ፣ ሰም ላይ የተተከለ ጥርስ አለ። ጥርስ ሠሪውን ሲያዩ መስታወቱን ወደ እሱ አዞሩት፣ ጥፋቱን ራሱ እንዲያይ ይመስላል።

"አንተ ነህ የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ጥርሴ ግጥም ብሎ ኖሮ ዛሬ በስተርጅና ፍንጭት ታወጣልኛለህ? ባለቤቴ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ቢያየኝ እኮ 'ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት?' ነው የሚለው!"

ዶክተሯ ሳቋን በአፍ መሸፈኛዋ ደበቀች። ጥርስ ሠሪው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከላይ፣ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ጥርሶች መካከል የክብሪት እንጨት የምታስገባ ክፍተት አለች። ወደ ድዱ ስትጠጋ ጠበብ ትላለች። የእጁ ሥራ መሆኗን ያውቃል፤ መቼ እንደሠራት ግን አያውቅም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሰሙ ላይ ሲተክል አጠጋግቶ እንደተከላቸው ይምላል። በመሐላ ቢሆን ኖሮ ክፍተቷ አትኖርም ነበር።

"ገና ሰም ነው፤ ይስተካከላል" አለ።

"ዛሬውኑ?"

"ዛሬውኑ። ዘጠኝ ሰዓት ይመለሱ።"

አሮጊቷ ጥርሱን አውጥተው በእጁ ላይ አኖሩለት። ያለ ጥርስ ሲናገሩ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "አልተቆጣሁህም ልጄ። ብቻ የሰው ፊት ይዤ አልሞትም።"

ዶክተሯ ጥርስ ሠሪውን ወደ ቢሮዋ ወስዳ በሩን ዘጋች። በዕድሜ ልጁ ባትሆንም ታናሹ ናት፤ ክሊኒኩን ከአባቷ ስትረከብ ጥርስ ሠሪውንም አብራ ነው የተረከበችው። ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት የጄሶ ሞዴል ደርድራለች።

"የባንክ ጥበቃው" አለች የመጀመሪያውን እየነካች። "እሳቸው ወደዱት፣ ዝም አልን። መምህርቷ መስታወት ፊት ቆማ አለቀሰች፣ እንደገና ሠራንላት። ዛሬ ደግሞ እማማ። ክፍተቱን ለካሁት። ሦስቱም አንድ ናቸው፣ ፀጉር ታህል አይለያዩም። እርስዎ ሳያስተውሉ የአንድ ሰው ጥርስ ነው የሚሠሩት።"

ጥርስ ሠሪው አንገቱን ደፋ።

"የባለቤትዎ ነው፤ አይደል?"

"ሳላስበው ነው፣ ዶክተር።"

"እሱ ነው ያስፈራኝ።" ወንበሯን ሳበች። "ያልወጡት የሦስት ዓመት ዕረፍት አለዎት። ሦስት ሳምንት ይወጣሉ፤ ብቻዎን፣ ከዚህ ከተማ ርቀው። ትኬቱንና ማረፊያውን ክሊኒኩ ይችላል። የአክስቴ ልጅ የጉዞ ወኪል መሆኑን ያውቃሉ። ነገ ጠዋት ሁለት የኤምባሲ ቀጠሮ ይዞልዎታል፣ አንዱ ለቪየና፣ አንዱ ለሊዝበን። አንዱን መልቀቅ ስላለበት እስከ አሥር ሰዓት ሄደው ይንገሩት።"

"አስቤበት..."

"ያስቡበት። ምርጫው የእርስዎ ነው።" ዶክተሯ ፈገግ አለች። "መቼም ልጅዎ ቪየና እያለች ይሄ ምርጫ አይባልም!"

ጥርስ ሠሪው አብሯት ፈገግ አለ። ፈገግ ከማለት ሌላ ምን ያድርግ? ልጁ በየእሑዱ እንደምትደውልለት በክሊኒኩ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ያወራው ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ከመግባቱ በፊት የቪየናን አየር ጠባይ ከስልኩ ላይ ያይና፣ "ትናንት ደውላ ነበር፤ በረዶ ጥሎባት እግሯ ርሷል" ይላል። ወይም "ሙቀቱ አስቸግሯታል፣ መስኮት ከፍታ ነው የምታድረው።" እንግዳ ተቀባይዋ ትገረማለች፤ ዶክተሯ ሰላምታ ትልካለች። ሰላምታው የሚደርስበት የለም። ልጁ ድምጿን ካሰማችው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል።

ኮሪደሩ ላይ እንግዳ ተቀባይዋ ጠበቀችው። ወሬ ከእሷ አያመልጥም።

"ጋሼ! ቪየና! እንኳን ደስ ያለዎት! ለእኔ ቸኮሌት፣ ሌላ አልጠይቅም።"

"ሊዝበንም አለ።"

"ሊዝበን ማን አለ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ማንም የሌለበት አገር ሰው ምን ሊያደርግ ይሄዳል?" አለችና ስልኩ ሲጮህ ተመልሳ ሮጠች። ጥያቄው ኮሪደሩ ላይ ከእሱ ጋር ቀረ።

ሚስቱ ፍንጭት ነበረች። ስትስቅ ከፊቷ ሁሉ ቀድማ የምትታየው ያቺ ክፍተት ነበረች፤ ስትናገርም በዚያች በኩል ትንሽ ታፏጫለች። በተጋቡ ሰሞን፣ የእጁን ጥበብ ሊያሳያት አስቦ ይሁን ሞኝነት ይዞት፣ "ልድፈንልሽ?" ብሏት ነበር። "ደፍነህ በምን ልትለየኝ?" አለችው። ልጃቸው ስትወለድ በመልክ አባቷን ይዛ ወጣች፣ የወተት ጥርሶቿ ወልቀው ትልልቆቹ ሲበቅሉ ግን ያቺው ክፍተት ብቅ አለች። ሚስቱ ልጅቷን መስታወት ፊት አቁማ፣ "አየኸው? ሥራህ እኔን አያሸንፍም" ብላ ሳቀችበት።

ሚስቱ የሞተችው በአሥራ አንድ ቀን ሕመም ነው። ሰው በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ጉንፋን እንኳ በቅጡ አይድንም፤ እሷ ግን ታማ፣ ተኝታ፣ ሞታ፣ ተቀብራ ጨረሰች። ልጅቷ ያን ጊዜ ቪየና የመጨረሻውን ፈተና ልትወስድ አምስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ከቀብር በተመለሱበት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ ሳለ፣ ታላቅ እህቱ፣ "ልጅቷ እንዳትሰማ" አለች። "አምስት ዓመት የለፋችበት ነው። ፈተናዋን ትጨርስና ቀስ ብለን እንነግራታለን።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ነቀነቀ። ያን ዕለት ምን ቢሉት የማይነቀንቅ መሰለዎት?

ከዚያ በኋላ ልጅቷ አራት ጊዜ ደወለች። በመጀመሪያው ተኝታለች አላት። በሁለተኛው ገበያ ወጥታለች አላት። በሦስተኛው ስልኳ ወድቆ ተሰብሯል፣ ጥገና ሰጥተነዋል። በአራተኛው ጉንፋን ይዟት ድምጿ ዘግቷል። አራተኛውን ሲናገር ቀለል አድርጎ ስቆም ነበር። ፈተናው ካለፈ በኋላም ዛሬ ነገ ሲል፣ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ "ነፍስ ይማር" ብላ ጻፈችላት። ልጅቷ እናቷ መሞቷን የሰማችው አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

የእህቱ ሱቅ ከክሊኒኩ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው፤ መጋረጃ ትሸጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ጨርቅ ዘርግታ በሜትር እየለካች ትቆርጣለች።

"ተቀመጥ። አፍህ ደርቋል፣ ምን ሆንክ?" አለች ቀና ሳትል። እህቱ ሰውን ሳታይ ነው የምታየው።

ነገራት፤ አሮጊቷን፣ ዶክተሯን፣ ሁለቱን ከተሞች። የቪየናን ስም ስትሰማ መቀሱን አስቀምጣ አጨበጨበች።

"እግዜር ራሱ በሩን ሲከፍትልህ ነው! ሂድና ደጇ ላይ ቁም። ስታይህ ሮጣ አንገትህ ላይ ነው የምትጠመጠመው።"

"ሳልነግራት?"

"ብትነግራትማ እምቢ ትላለች!"

"እምቢ ካለች እምቢ ማለቷ ነው፣ እትዬ።"

"ልጅ ናት።"

"ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።"

"ስድሳም ቢሆናት ልጅህ ናት!" መቀሱን አነሳች። ጨርቁ በአንድ እስትንፋስ ከላይ እስከ ታች ተከፈለ። "ደግሞስ ምን አጠፋህ? ክፉ ወሬ ያልደበቀ ማን አለ? እኔ የአባታችንን ሞት ከሁለት ወር በኋላ አይደል የሰማሁት? ማንን አኮረፍኩ? አልቅሼ ወጣልኝ። ወይስ 'እትዬ ናት ያበላሸችኝ' ልትለኝ ነው የመጣኸው?"

"አላልኩም።"

"ሆድህ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትህ ላይ አነበዋለሁ።"

"አንቺ ደብቅ ነው ያልሺኝ" አለ ጥርስ ሠሪው። "የአባታችንን ሞት ሲደብቁሽ የአባታችንን ድምፅ የላከልሽ ሰው ነበር?"

መቀሱ ቆመ። "ምን አልክ?"

ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አሁንም ሊናገር ፈልጎ አልነበረም፤ አንዴ ከአፉ አመለጠው።

"ፈተናዋ ሦስት ቀን ሲቀረው ጻፈችልኝ። 'እማዬ ድምጿ ከዘጋ በሹክሹክታ ትላክልኝ፤ ሳልሰማት ፈተና አልገባም' አለች። ምን ላድርግ? የእናቷ ስልክ እኔ ጋ ነው። ከዓመት በፊት ቀድታላት ሳትልከው የቀረ አንድ መልእክት ውስጡ አገኘሁ። 'በርቺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ስታልፊ እኔ ነኝ ያለፍኩት' የምትል። እሱን ላክሁላት፤ ከእናቷ ስልክ። ልጅቷ ደግሞ ለእናቷ መለሰች። 'እማዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ' ብላ። እኔ ነኝ ያነበብኩት። እትዬ፣ እናቷ ከሞተች አንድ ወር ሆኗት ነበር።"

እህቱ ከኋላዋ ባለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። 

"ጊዜውን ቆጠረች" አለ። "ደውላ 'መቼ ነው የሞተችው?' አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት። ከዚያ 'የላክህልኝ ድምፅስ?' አለች። ምንም አላልኩም። 'ከዚህ በኋላ ደህና ነኝ ብትለኝም አላምንህም' ብላ ዘጋችው። የመጨረሻዋ ይቺ ናት።"

"እኔ እንደዚያ አድርግ አላልኩህም" አለች እህቱ በቀስታ።

"አላልሽም። የራሴ ነው።"

 እህቱ ከጥቅሉ ላይ ተነሳች፤ ተስፋ መቁረጥ አታውቅበትም፣ ይሄ ደግሞ አንዳንዴ ያደክማል።

"ቢሆንም ሂድ። በአካል ሲተያዩ ሌላ ነው። ዝም ብለህ ብቅ በል። ከተቆጣችም ትቆጣህ።"

"ዝም ብሎ ብቅ ማለት ምንድነው?" አለ ጥርስ ሠሪው እየተነሳ። "ያው እንደገና ስለ እሷ እኔ መወሰን አይደለም?"

ከሱቁ ወጥቶ መንገዱ ዳር፣ አንድ ያረጀ የስልክ ምሰሶ ሥር ቆመ። በየእሑዱ ለልጁ አጭር መልእክት ይጽፋል። "ደህና ነኝ፣ ሥራም ጥሩ ነው።" ታነባለች፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፤ አትመልስም። ደህና ያልሆነበትን እሑድ እንኳ "ደህና ነኝ" ብሎ ጽፎ ያውቃል፣ አላምንህም ላለችው ልጅ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋ። በአራተኛው እንዲህ ሲል ላከው፦

"ልጄ፣ ደህና አይደለሁም። በሥራዬ እየተሳሳትኩ ስለሆነ ዕረፍት ውጣ ተብያለሁ። ቪየና መምጣት እችላለሁ፣ ሌላ አገር መሄድም እችላለሁ። ሳታውቂ አልመጣም። ልምጣ?"

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። ጓሮው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ፣ እሳቱን ለኮሰ፣ የአሮጊቷን ጥርስ በጄሶው ሞዴል ላይ አስቀመጠ። ቀጭኗን ማንኪያ እሳቱ ላይ ያዛት። ስትግል በግራው የፊት ጥርስ ዙሪያ ሰሙን ነካ፣ ነካ፣ ነካ አደረገው። ሰሙ ሲላላ ጥርሱ በጣቱ ውስጥ ተነቃነቀ።

ስልኩ ነዘረ።

ጥርስ ሠሪው ማንኪያዋን አስቀመጠ። ጣቱ ላይ የነበረው ሰም ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ለመክፈት አስቸገረው። መልእክቱ አንዲት ቃል ናት።

"አትምጣ።"

ከላይ ያለውን ሰዓት አየ። እሱ የላከው ሰባት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ነው፤ የእሷ መልስ የደረሰው ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ። አራት ደቂቃ። የፈራውን ነገር ሁሉ በአራት ደቂቃ ውስጥ ነገረችው። አላለሳለሰችም፣ ወደ ነገ አላስተላለፈችም፣ በሰው አላስነገረችም። እሱ ለሰባት ሳምንት ያቃተውን ልጁ ቻለችው። ሌላ ቃል ይከተላት እንደሆነ ብሎ ስልኩን እያየ ቆየ። አልተከተላትም።

ያን ጊዜ አለቀሰ። ሚስቱ በተቀበረችበት ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ ስለነበር በወጉ አላለቀሰም፤ ከዚያ በኋላም ሰባት ሳምንት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር ድምፁን ማስተካከል ስለነበረበት አላለቀሰም። አሁን ከጄሶና ከሰም ጋር ብቻውን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የልጁ የመጀመሪያ ቃል ይቺ ናት፤ የምትለው ደግሞ ይሄን ነው። ልጁን አጥቷታል። ይሄ ልክ እንደ ሞት እውነት መሆኑ ዛሬ ገባው፤ እስከ ዛሬ ለክሊኒኩ ሲያወራ ለራሱም ጭምር ነበር የሚያወራው። የበረዶው፣ የሙቀቱ፣ የተከፈተው መስኮት ወሬ ሁሉ ባዶ ነበር።

"እሺ ልጄ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" ብሎ መለሰላት። ሌላ አልጨመረም።

ሰሙ ቀዝቅዞ ስለነበር እንደገና አሞቀው። የግራውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ገፋው። ክፍተቷ ጠበበች፣ ክር አከለች፣ ተዘጋች። ሰሙ እስኪረጋ ጥርሶቹን አጣብቆ ያዛቸው። የሚስቱን አፍ የዘጋ መሰለው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሮጊቷ መጥተው ሞከሩት፤ መስታወቱን ይዘው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሉ።

"አሁን እኔን መሰልኩ!" አሉ። ከዚያ ጥርስ ሠሪውን ቀና ብለው አዩት። "አንተ ግን ዓይንህ ምን ሆኗል?"

"አልቅሼ ነው፣ እማማ።"

"የሰሙ ጭስ ነው" ሊል ይችል ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት የጠቀመው ማመካኛ ነው። ከአፉ የወጣው ግን ያ ነው።  አሮጊቷ እጁን ይዘው ትንሽ ቆዩና ለቀቁት።

የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ከአንድ የመነጽር ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወኪሉ ቀጭን፣ አፈ ጮሌ ሰው ነው። ጥርስ ሠሪውን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይግቡ! የቪየናውን ቅጽ ጀምሬልዎታለሁ። ሜዳ ከተማ ናት፣ ጉልበት አትበላም። ሊዝበን ግን ዳገት ናት፤ ወጥተው ሳይጨርሱ ሌላ ዳገት!"

"ሊዝበን ይሁን።"

ወኪሉ ሳቀ። የእንግዳው ፊት ሳይስቅ ሲቀር እሱም ተወው። "ሊዝበን? ዶክተር እኮ... ልጅዎ ቪየና ናት አላለችኝም?"

"ቪየና ናት። አታናግረኝም።"

ለባዕድ ሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። የወኪሉ ዘመድ ዶክተሯ ናት፤ ከዶክተሯ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ አንድ እርምጃ ነው፤ ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ሁሉ ይሰማዋል። ይስማው አለ በልቡ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ። አላወቅኩም።"

"ማንም አያውቅም። ስዋሽ ነበር።"

ወኪሉ የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ የቪየናውን ቅጽ አጣጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው፣ በመጨረሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። አዲስ ወረቀት አወጣ። "እሺ... ሊዝበንን ለምን መረጧት ብለው ኤምባሲ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። አንድ ነገር ማለት አለብዎት። ባሕሩን? ሙዚየሙን?"

ጥርስ ሠሪው አሰበበት። ስለ ሊዝበን የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ፎቶ አያልፍም። ዳገት መንገድ፣ ቢጫ ባቡር፣ ከሥር ውሃ።

"እዚያ የዋሸሁት ሰው የለም" አለ።

ወኪሉ ቀና ብሎ አየውና፣ "ባሕሩን ብለን እንጽፋለን" አለ።

ጥያቄዎቹ ቀጠሉ። የትውልድ ዘመን። ሥራ። የጋብቻ ሁኔታ። እዚህ ላይ ጥርስ ሠሪው ራሱ "ሚስቱ የሞተችበት" አለ። ወኪሉ ገጹን ገለበጠ።

"ይቺ የመጨረሻዋ ናት። በጉዞ ላይ እያሉ፣ አያድርገውና፣ አንድ ነገር ቢደርስብዎት ለማን ይነገር? የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነው የሚፈልጉት።"

ጥርስ ሠሪው ሳይመልስ የራሱ ስልክ ጠራ። እህቱ ናት። አሥር ሰዓት ሊሞላ መሆኑን ሰዓት ይዛ ስትጠብቅ ነበር።

"ወሰንክ? የቱን አልክ?"

"ሊዝበንን። ጠየቅኳት፤ አትምጣ አለችኝ።"

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "የንዴት ነው። የልቧ አይደለም..."

"ነገረችኝ፣ እትዬ። በደቂቃዋ ነገረችኝ። አሁን ቅጽ እየሞላሁ ነው፤ አንድ ነገር ብሆን ለማን ይነገር እያሉኝ ነው።"

"እኔን አስጽፍ! ሌላ ማን አለህ?" እህቱ ድምጿ ተሰበረ፣ ግን እንደ ልማዷ ወዲያው ጠገነችው። "እኔን አስጽፍ። ክፉ አያሰማኝ እንጂ አንድ ነገር ብትሆን እንኳ ለልጅቷ እኔ ቀስ ብዬ፣ ጊዜ መርጬ ነው የምነግራት። በአንድ ጊዜ አትደነግጥም።"

"እሺ እትዬ፣ ማታ እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው።

ወኪሉ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። "እህትዎን ልጻፍ?"

"ስጠኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።"

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ዝምድና በሚለው ላይ "ልጅ" ብሎ ጻፈ። የቪየናውን ቁጥር ስልኩን ሳያይ ከአገሩ መለያ ጀምሮ በቃሉ ጻፈው። ከሥሩ ለተጨማሪ ማስታወሻ የተተወ ጠባብ መስመር ነበር። ጥርስ ሠሪው በደቃቅ ፊደል፣ ለጥርስ የለመደ እጁ ሳያዛንፍ፣ "የሆነው ነገር እንዳለ፣ በዚያው ቀን ይነገራት" ብሎ ጻፈበት።

ወኪሉ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

"ጋሼ... ባታነሳስ?"

"እስክታነሳ ይደወልላት" አለ ጥርስ ሠሪው፤ ከሥሩም ፈረመ።